የድንኳኔ አራት ቋሚ

ሰው ሲያረጅ ምክር ያበዛል ይላሉ። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ የሚሰማ ይስማ፣ የማይሰማ ጆሮውን ይዞ ይሂድ።

ብዙነሽ እባላለሁ። ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ዝቅ ብሎ፣ የድንኳን፣ የወንበርና የብረት ድስት ኪራይ ቤት አለኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ግን የትኛው ድንኳን የት እንደ ቆመ፣ የማን ሠርግ ላይ የትኛው ድስት እጀታው እንደ ተሰበረ ከአእምሮዬ አይጠፋም። በዚህ ስኮራ ማንንም አላስፈቅድም።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ ስምንት፣ በገና ጾም ነው። ያን ሰሞን የማስተር ፕላኑ ነገር ተነሥቶ፣ ከተማው ሰፍቶ የገበሬውን ደጃፍ ሊውጥ ነው ተብሎ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ወጣቱ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። እኔ የታመመች አበልጄን ልጠይቅ ሰበታ ሄጄ ስመለስ፣ ዓለም ገና ላይ ሚኒባሳችን ቆመ። ከፊታችን ድንጋይና የሚነድ ጎማ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና «እንግዲህ እግዜር እስኪከፍተው» ብሎ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ።

አጠገቤ አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች፤ አንገቷ ላይ የፋብሪካ መታወቂያ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ ውሃ ልስጥዎት?» አለችኝ።

«ውሃ ምን ያደርግልኛል? መንገድ ካለሽ ስጪኝ።»

ሳቀች። ስሟ ትህትና ነው። ሥራ አመራር ተምራ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በሠራተኛ ጉዳይ ክፍል እንደምትሠራ ነገረችኝ። እንግዲህ ተቀምጦ ዝም ማለት አላውቅበትምና፣ ምን ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት።

«አሁን የያዝኩት የድርጅቱን እሴቶች ለሠራተኛው ማስተዋወቅ ነው።»

«እሴት ምንድን ነው? ይበላል?»

«አይበላም እማማ። አንድ ድርጅት የሚያምንበት፣ ቢመቸውም ባይመቸውም የማያፈርሰው ነገር ነው። በትልቁ ተጽፎ መግቢያችን ላይ ተሰቅሏል። ታማኝነት፣ ሠራተኛን ማክበር፣ ልህቀት…»

«ልህቀት ደግሞ ምን ማለት ነው?»

ትንሽ አሰበችና «ልቆ መገኘት» አለች።

«ከማን?»

መታወቂያዋን በጣቷ ታገላብጥ ጀመር። እኔ ደግሞ የተከፈተ በር ካገኘሁ ሳልገባ አላልፍም። «ስሚ ልጄ» አልኳት፤ «ሚስቱን የሚወድ ሰው በሩ ላይ ‹ሚስቴን እወዳለሁ› ብሎ አይለጥፍም። የለጠፈ ዕለት ነው መጠርጠር።»

ሾፌሩ ከኮፍያው ሥር ሳቀ። ልጅቷ ግን አልተቀየመችም።

«እውነትዎን ነው» አለች። «‹ሠራተኛን ማክበር› የሚለው ከተሰቀለበት ግድግዳ ጀርባ ያለው የሴቶች መጸዳጃ ቤት በቁልፍ ነው። ቁልፉን ለማግኘት ሴቶቹ አለቃውን መለመን አለባቸው።»

«ይኸውልሽ! አላልኩሽም?»

«ብለውኛል። ግን ጥፋቱ የቃሉ አይደለም እኮ፤ የማይኖሩበት ሰዎች ነው። ቃሉ ስላለ ነው እኔ ሄጄ ‹ይኼን ብላችኋል፣ ይኼን ግን እያደረጋችሁ አይደለም› ማለት የቻልኩት። ያልተባለ ነገር ፈረሰ ተብሎ አይከሰስም።»

አነጋገሯ ቆረጥ ያለ ነው። ወደድኳት፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ወጣት ቶሎ ከተመሰገነ ይበላሻል።

«የትልልቆቹን እንጃ» አልኳት፤ «የእኔ ቤት ግን እሴት ምናምን አያስፈልገውም። እኔ አለሁ። ሠራተኞቼ ሲቸግራቸው ይጠይቁኛል፣ እኔ እወስናለሁ፣ አለቀ።»

«አንቱ ባይኖሩስ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«አሁን የት ነዎት?»

ሾፌሩ አሁን ኮፍያውን አንሥቶ ሳቀ። «ስምሽን ማን ነው ትህትና ያለው? ምላስሽ ስምሽን አልሰማም» አልኳትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ግን ነገሯ እሾህ ሆኖ ገብቶብኛል። ስልኬን አውጥቼ ወደ ቤት ብደውል፣ ስልኩም እንደ መንገዱ ተዘግቷል።

መንገዱ ቶሎ አልተከፈተም። ልጅቷ ዓለም ገና ከተከራየችው ክፍል ወስዳ አልጋዋን ለቀቀችልኝ፤ ራሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ተኛች። ስንከራከር ሰነበትን፤ እኔ አልተረታሁም፣ እሷም አልተረታች። መንገዱ ሲከፈት የስልክ ቁጥሯን ስልኬ ላይ መዝግባልኝ ተለያየን።

ቡራዩ ስደርስ ቲቶ የመጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥቶ እንደ ዘበኛ ተቀምጧል። ቲቶ ከወላይታ የመጣ፣ ጴንጤ፣ ጠንካራና እውነተኛ ሰው ነው፤ ድንኳን በመትከል የሚያህለው የለም። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«እንኳን ደህና ገቡ እትዬ! ሁሉም ደህና ነው። አንድ ችካል እንኳ አልወጣም።»

ገብቼ አየሁ። ድንኳኖቼ ሁሉ ታጥፈው፣ ወንበሮቼ ተደራርበው፣ መጋዘኑ ጢም ብሏል። ልመርቀው አፌን ስከፍት፣ ዕቃ የምታጥበውና የምትቆጣጠረው ሰብሪያ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ መቆሟን አየሁ።

«ሰላምታም የለ ሰብሪያ?»

«የገለቴ ልጅ ሞተ» አለች ሳትዞር።

ገለቴ ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ናት። ስንገናኝ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ሳትለኝ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣልኝ ቀርታ አታውቅም። ልጇን በዚያ መንገዱ በተዘጋ ቀን ጥይት አገኘው። የእድራቸው ድንኳን ሌላ ለቅሶ ቤት ቆሞ ስለነበር ወንድሞቿ እየሮጡ የመጡት ወደ እኔ ነው። ቲቶ መለሳቸው። ያ ሁሉ ለቀስተኛ፣ በዚያ በታኅሣሥ ነፋስ፣ አንሶላ በእንጨት ላይ ወጥረው ከሥሩ ተቀመጡ።

«አንተ ቲቶ! ለምን አልሰጠሃቸውም?»

«እትዬ፣ ‹እኔ ሳልፈቅድ አንድ ችካል ከዚህ ቤት አይወጣም› ያሉኝ አንቱ ነዎት።»

«ለቅሶ ላይ ነው እንዴ ያልኩህ?»

«ከለቅሶ በቀር አላሉኝም።»

«ልቤን አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ። ልብዎ ግን እኔ ጋ አልነበረም፤ ከእርስዎ ጋር ዓለም ገና ነበር።» መሬት መሬቱን እያየ ቀጠለ። «ደግሞ ሰው እየታሰረ ነው። ‹ለእንዲህ ያለው ለቅሶ ድንኳን ያቆመ ማን ነው?› ብለው ቢይዙኝ እዚህ አገር ማን አለኝ? ‹የቤቱ ደንብ ነው› እንዳልል፣ ደንብ የለንም። ያለን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ይኼ ሰው ሰነፍ ቢሆን አባርረው ነበር፤ ሌባ ቢሆን አሳስረው ነበር። እሱ ግን የታዘዘውን ፈጽሟል። በታዛዥነቱ እየኮራሁ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው እንዲታዘዝ እንጂ እንዲያውቅ አላስተማርኩም። ሙሉውን መጋዘን አየሁት፤ ደረቅ፣ ንጹሕ፣ አንድም ያልጎደለበት። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገለቴ ቤት ሄድኩ። አንሶላው ሥር፣ መሬት ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«አዴ ብዙነሽ» አለችኝ፤ «ድንኳንሽ ታሞ ነበር እንዴ?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ እስኪመሽ አጠገቧ ቆየሁ።

በማግስቱ ስልኩ ሲሠራ ትህትናን አስደወልኩ። «ያንን እሴት የምትይውን ይዘሽ ነይ» አልኳት። «ልህቀቱን ግን እዚያው ተይው።»

እሑድ መጣች። መጋዘኑ ውስጥ ወንበር ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ቲቶ፣ ሰብሪያ፣ ጭነት መኪናዋን የሚነዳው ጌዲ። እኔ የፋብሪካውን ቃል ግልባጭ ታመጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ባዶ እጇን ናት።

«ጽሑፉስ?» አልኳት።

«የሌላ ቤት እሴት እዚህ ምን ይሠራል? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ከዚህ ቤት ምን ቢሰማ ታፍራላችሁ?»

ሁሉም ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። «ተናገሩ እንጂ! ዛሬ አልናከስም» አልኩ።

ሰብሪያ ጀመረች። «የገለቴ ነገር። ለቅሶ ቤት መጥቶ ባዶውን መመለስ። ሠርግ ቀን ይቀየርለታል፣ ሞት ግን ቀጠሮ የለውም።»

«እንግዲያው ለቅሶ ይቀድማል» አልኩ። «ይኼማ ድሮም የማምንበት ነው።»

«አንቱ ያምኑበታል፤ አሁን ቤቱም ይመን» አለች ትህትና። «የሠርግ ደንበኛ ሲመጣም በመጀመሪያው ቀን ይነገረው። ‹ለቅሶ ከመጣብን ትልቁን ወስደን ትንሹን እንተክልልሃለን› ይባል። ካልወደደ ሌላ ጋ ይሂድ።»

«ደንበኛ ልታሳጪኝ ነው?»

«አንዳንዱን ያጣሉ። የቀረው ግን የሚነግሩትን ሁሉ ያምንዎታል።»

ቲቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «የማን ለቅሶ ነው አይባል። የእስላም ይሁን የክርስቲያን፣ የአገሬው ይሁን የመጤ፣ እንዴት ሞተ ተብሎ አይጠየቅ።»

«መንግሥት ቢጠይቅህስ?» አልኩት፤ ልፈትነው።

«‹የቤታችን ደንብ ነው፤ ለሁሉም እናቆማለን› እላለኋ። ያኔ ብቻዬን አይደለሁም።»

«እኔም እኮ ያን ቀን ከጎንህ እቆማለሁ» ስለው ፊቱ ፈካ። አንድ ቃል ሰው እንዲህ ሲያቃና አይቼ አላውቅም።

ጌዲ ተራው ሲደርስ አንገቱን አከከ። «እኔ የምለው… ለባለጸጋ አዲሱን ነጭ ድንኳን ጭነን፣ ለድሃ ያንን የወጥ ጠባሳ ያለበትን የምንወስደው ነገር ይቅር።»

«ማን ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

ሦስቱም ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። እኔም አየሁት። ጣሪያው ላይ ምንም የለም። «እሺ» አልኩ፤ «ንጹሕ ለሁሉም። ቀጥሉ።»

ሰብሪያ ሻሿን አጠበቀች። «አንድ ቀርቷል። እትዬም ቢሆኑ ሲሳሳቱ ይነገራቸው።»

«ምን አልሽ?»

«ሰምተውኛል።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። በገዛ ቤቴ! ይኼን ቤት በአንድ ብረት ድስት ስጀምረው ሰብሪያ አልተወለደችም። ይኼንኑ አልኳቸው፤ ሌላም ብዙ አልኳቸው። ትህትና እስክጨርስ ጠበቀችና በለዘበ ድምፅ «እማማ፣ የእኛ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ የጎደለው ይኼ ነው» አለች። «አለቃውን የማይይዝ ደንብ ለተራው ሰው ቅጣት ይሆናል እንጂ እሴት አይሆንም።»

«ድንኳንም በሦስት ቋሚ አይቆምም እትዬ» አለ ቲቶ፤ አሁን የማይፈራ ሆኗል።

ተቀመጥኩ። እልኸኛ ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። «እሺ። ግን ግድግዳ ላይ አይጻፍም፤ እኔ የማላነበው ሕግ እኔን አይገዛኝም። አራት ቃል ነው፤ ድንኳንም የማዕዘን ቋሚው አራት ነው። በየቋሚው ጫፍ ቀለም ይቀባ። ጥቁሩ ሲተከል ‹ለቅሶ ይቀድማል›፣ ቡናማው ሲተከል ‹የማን ነው አይባልም›፣ ነጩ ሲተከል ‹ንጹሕ ለሁሉም›፣ ቀዩ ሲተከል…» እዚህ ላይ ምራቄን ዋጥኩ፣ «‹እትዬም ቢሆኑ ይነገራቸዋል› በሉ።»

እንዲህ ሆነ። ጌዲ ቀለሙን ቀባ። ሰብሪያ ኦሮምኛውን አስተማረቻቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ እያሉ ይተክሉ ጀመር። ጎረቤቱ መጀመሪያ «የብዙነሽ ሠራተኞች ድንኳን ሲተክሉ ይደግማሉ» እያለ ሳቀብን። ይሳቅ።

ቃል ማውጣት ቀላል ነው፤ ሲያምህ ነው የሚለየው። ጥር ገባ፣ የሠርግ ወር። የሟች ወንድሜ ልጅ ማሪቱ፣ እኔው ያሳደግኋት፣ እሑድ ልትዳር ነው። ትልቁ ነጭ ድንኳን ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ቆመ። ገና ሳልጠግበው በሩ ተንኳኳ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንዲ!

ወንዲ አሸዋ ሜዳ በኩል ድንኳን የሚያከራይ፣ የሙያ ባላንጣዬ ነው። በገለቴ ለቅሶ ጊዜ «ብዙነሽ ለሬሳ ድንኳን ነፈገች» ብሎ በየቤቱ ያዞረ እሱ ነው። አሁን ዓይኑ ቀልቶ ቆሟል።

«እናቴ አረፈች እትዬ ብዙነሽ።»

«ነፍስ ይማር። ድንኳን አለህ አይደል?»

«ሁሉም ሠርግ ላይ ናቸው። ደንበኞቼ ‹ከፍለናል፣ አንለቅም› አሉኝ። አስቀድሜ ያልኳቸው ነገር የለም፤ ምን ብዬ ላስገድዳቸው? ትንሿ የአንቺ ድንኳን ደግሞ ለለቀስተኛው አትበቃም፤ እናቴን ቡራዩ ሁሉ ነው የሚያውቃት።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ድንኳን አከራይ ለገዛ እናቱ ድንኳን አጣ! «እንግዲህ ሂድና ደንበኞችህን ለምን» አልኩት።

«እትዬ» አለ ቲቶ ከኋላዬ።

«ዝም በል።»

«ቀዩ ቋሚ ነው እትዬ።» ሄዶ ቀዩን ቋሚ ያዘ። ሰብሪያ መጥታ አጠገቡ ቆመች። «ቡናማውም አለ» አለች። «የማን ነው አይባልም።»

«የማሪቱ ሠርግ ነው እኮ! የልጄ!»

«ለቅሶ ይቀድማል» አለ ጌዲ መኪናው ላይ ሆኖ።

የሚያግዘኝ ፍለጋ ዞርኩ። ማሪቱ ፀጉሯን ግማሽ ተሠርታ በር ላይ ቆማለች። «አክስቴ» አለች፤ «ድንኳኑን የያዝኩ ዕለት ሰብሪያ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነግራኛለች። እሺ ብያለሁ። አሁን እሺታዬን ልታፈርሺብኝ ነው?»

ቢወጉኝ ደም አይወጣኝም ነበር። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። አንድ ነገር ገባኝ፤ ዛሬ ‹አይሆንም› ብል ማንም አይከለክለኝም፤ ከነገ ጀምሮ ግን ያ ቀለም ቀለም ብቻ ይሆናል። ቲቶም ተመልሶ በሩ ላይ ይቀመጣል።

«አንሡት» አልኩ። «ወንዲ፣ አንተም ያዝ እንጂ፤ ድንኳን መንቀል ጠፍቶህ ነው?»

ማሪቱ በትንሹ ድንኳን ተዳረች። ግማሹ ሠርገኛ ባሕር ዛፍ ሥር ነው የበላው። የሙሽራው አጎት አጉረመረመ፤ ምክንያቱን ሲሰማ ግን ጠላውን አስቀምጦ ተነሣና ቆሞ መረቀን። ከሰዓት በኋላ ገለቴ መጣች። ከልጇ ወዲህ ሠርግ ቤት አልረገጠችም። አጠገቤ ተቀመጠችና ትንሹን ድንኳን አየት አድርጋ «ዳነልሽ መሰለኝ» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት አልጠብቅም።

ወንዲ ሐዘኑን ከጨረሰ በኋላ መጥቶ «ያ የቋሚ ነገር ለእኔም ቤት ይሆናል?» አለኝ። «የእኔን አልሰጥህም፤ ሠራተኞችህን ሰብስብና ምን ያሳፍራችኋል ብለህ ጠይቅ። የመጨረሻው ቃል ካልመረረህ አልደረስክበትም» አልኩት። ትህትናም የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ አስነሥታለች። አለቆቿን «ወይ በሩን ክፈቱ፣ ወይ ጽሑፉን አውርዱ» አለቻቸው አሉ። ምላሷን ከማን እንደ ተማረች እንጃ።

ነጋዴ የሆንክ ሁሉ፣ ባለ ሱቅም ሁን ባለ ፋብሪካ፣ ከዚህ የምትወስደው አንድ ነገር አለ። ጥሩ ልብ አለኝ ብለህ አትመካ። ልብህ ከአንተ ጋር ይጓዛል፤ ቤትህ ግን እዚያው ይቀራል። ሠራተኛህ በሌለህበት ቀን የሚይዘው ቃል ስጠው፤ የሰጠኸውም ቃል መጀመሪያ አንተን ይያዝህ። ደንበኛ የሚሸሽ መስሎኝ ነበር። አንዳንዱ ሸሸ፤ የመጣው ግን ይበልጣል፤ «እነሱ ያሉትን ነው የሚያደርጉት» እየተባለ ከአስኮ ድረስ ይመጣል።

በክረምቱ መጨረሻ እንደገና ሰበታ ሄጄ መንገድ ተዘጋብኝ፤ የስልክ መስመሩም ጠፋ። ትህትና ጋ አደርኩ፤ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ቤት ስመለስ የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ፣ ድስት የለ። ሰብሪያ ብቻዋን ወለሉን ትጠርጋለች።

«ዕቃዬስ?»

«ትልቁ ገፈርሳ ለቅሶ ቤት ነው። ትንሹ ክርስትና ቤት። ሌላውን ቲቶና ጌዲ አሁን ጭነው ወጡ።»

«ልትደውሉልኝ ሞክራችሁ ነበር?»

መጥረጊያዋን አቁማ በመገረም አየችኝ።

«ኧረ አልሞከርንም እትዬ። ምን ብለን ልንጠይቅዎት?»

ለመቀመጥ ወንበር ፈለግሁ። አንድም አልነበረም። ቆሜ ባዶውን መጋዘን ጠግቤ አየሁት።